መመሪያው ላይ የጨመርኩት ዓረፍተ ነገር

በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ ብዙ ክርክር ያስነሳው በአንድ የኢሜይል ዝርዝር ላይ እንዴት መመዝገብ እንደሚቻል የሚያስረዳ ገጽ ነው። ከዚህ የበለጠ ደረቅ ነገር ጽፎ የተጨቃጨቀ ሰው ካለ ይምጣና እንወዳደር።

ሐይቅ ከተማ ኮምፒውተር አስተምር ነበር። የምኖረው በአንድ የሥራ ባልደረባዬ እናት ግቢ ውስጥ፣ ከበሩ በስተግራ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ ነው። ባልደረባዬ ባዮሎጂ ያስተምራል፤ አሥር ዓመት ያህል ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። እናቱን እማማ እላቸዋለሁ። ጉልበታቸው ስለማይታዘዝላቸው ከግቢው አይወጡም፤ ግን የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ከእኛ ቀድመው ይሰማሉ። እነሱ ሙስሊም ናቸው፣ እኔ ክርስቲያን። በዓል ሲሆን ለየብቻ ይታረዳል፤ ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ አንድ ነው፣ እኔን መቆጣትም ጭምር። አምሽቼ ከገባሁ እማማ እንደ ወላጅ ነው የሚቆጡኝ፤ እኔም መልስ አላጣም።

ለውጡ የመጣ ሰሞን ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ላይ ይመዘገብ ነበር። ማኅበር፣ ፓርቲ፣ የወጣት ኮሚቴ፣ ምኑ ቅጡ። ጋሼ የተመዘገበው አማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ነው። ፕሮግራሙ በነጻ ይገኛል፤ ውስጡም ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው ገብቶ ያየዋል፣ የተበላሸ ካገኘ ያስተካክላል። ሠሪዎቹ በየአገሩ ተበትነው ስለሚኖሩ የሚነጋገሩት በኢሜይል ዝርዝር ነው። አንድ አድራሻ አለ፤ ወደዚያ የተላከ ደብዳቤ ለተመዘገበው ሁሉ ይደርሳል። ጋሼን እዚያ የወሰደው የፈተና ወረቀት ነው። «ቋ» ብሎ በጻፈበት ሁሉ ባዶ ሳጥን ታተመበት፤ ተማሪዎቹም ሳጥን ሲያዩ የሚያውቁትን አደረጉ፣ የራይት ምልክት አስቀመጡበት።

እንግሊዝኛው መመሪያ ለመመዝገብ የምትፈልግ በደብዳቤው ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ ጻፍ፣ ሌላ ምንም አትጨምር ይላል። ጋሼ ይህንን አልተቀበለም። «ሰው ደጅ ደርሶ፣ እንዴት ዋላችሁ ሳይሉ መዝግቡኝ ይባላል እንዴ? ያሳደገው የለም ይሉኛል» አለ። ሰባት መስመር ሰላምታ ጽፎ ቃሏን ስምንተኛው ላይ አስቀመጣት። ደብዳቤውን የሚቀበለው ማሽን ነው፤ እያንዳንዱን መስመር እንደ ትእዛዝ ነው የሚያነበው። መልሱ በአንድ ደቂቃ መጣ። አሰላሙ ዓለይኩም፦ ትእዛዙ አልታወቀም። እንዴት ሰነበታችሁ፦ ትእዛዙ አልታወቀም። ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው ወይ፦ ትእዛዙ አልታወቀም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ ሐይቁም ዘንድሮ ሞልቷል፦ ትእዛዙ አልታወቀም። ከዚያ ወዲያ ስሕተት ስለበዛ የቀረውን ማንበብ አቁሜአለሁ ይላል።

ጋሼ ሦስት ቀን ከፋው። እኔ ሳቄን መቆጣጠር ስላቃተኝ ሦስት ቀን አላናገረኝም። በመጨረሻ ተቀምጬ መመሪያውን ወደ አማርኛ መለስኩት፤ «የሚያነበው ማሽን ስለሆነ ሰላም ባትሉት አይቀየምም» የሚል ጨመርኩበት። በዚህች ገጽ የተነሳ የአማርኛው መመሪያ ኃላፊ ተባልኩ። ሹመት እኔ ዘንድ እንዲህ ነው የሚመጣው። ጋሼ በሁለተኛው ሙከራ ተመዘገበ፣ ስለ «ቋ» አመለከተ፣ ተስተካከለለት። እኔም ለአማርኛ ተናጋሪዎች የተለየውን አነስተኛ ዝርዝር እጠብቅ ጀመር። አሥራ አንድ ሰው ነበርን።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ ሬዲዮ ላይ ነበር፤ ቀጥሎ በአምባሰል በኩል ከባድ መሣሪያ መስማት ጀመርን፤ አንድ ቀን ጠዋት አስፋልቱ ላይ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው እንጂ ሌላ ነገር አይታይም ነበር። አንዲት ሚኒባስ ከግቢያችን ፊት ለፊት ቆማ አንድ ሰው ይጫናል ተባለ። ጋሼ ቦርሳዬን ራሱ አንስቶ ወረወረልኝ። «እማማ አትራመድም፤ እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። አንቺ ሂጂ» አለኝ። ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ አንዴ እንኳ አልተከራከርኩም። በማንኛውም ነገር የምከራከር ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን አፌ አልተከፈተም፣ እግሬ ነው የቀደመኝ።

አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ገባሁ። ሐይቅ ተያዘች፤ ስልክም ኔትወርክም ጠፋ። በቀን አሥር ጊዜ እደውላለሁ፤ የተቀዳችው ሴትዮ ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል በትሕትና ትነግረኛለች። ከአምባሰል በእግሩ ወጥቶ የመጣ ሰው አለ ሲሉኝ ሄጄ ጠየቅሁት። «ሐይቅ ሰው አለ» አለኝ። ማን ማን አለ ብዬ ስጠይቀው «ሰው አለ አልኩሽ እኮ» አለና ፊቱን አዞረ። ጋሼና እማማ በሕይወት መኖራቸውን የሚነግረኝ አንድ ፍጡር አልነበረም፤ ሌላው ወሬ ሁሉ አላስፈለገኝም።

እኔ እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ከፕሮጀክቱ ኃላፊ ደብዳቤ የመጣው። ሰውየው ሩቅ አገር ነው የሚኖረው፣ ፊቱንም አላየሁት፤ ጨዋና ቁጥብ ሰው ነው። ዝርዝሩ ወደ አዲስ ሰርቨር ሊዛወር ስለሆነ የተመዘገበ ሰው ሁሉ በሠላሳ ቀን ውስጥ አንድ ማስፈንጠሪያ ተጭኖ መኖሩን ያረጋግጥ፣ ያላረጋገጠ ይሰረዛል፣ የየቋንቋው ኃላፊዎችም መመሪያውን በዚሁ መሠረት አስተካክሉ ይላል። ከአሥራ አንዳችን አሥራችን በሳምንት ውስጥ አረጋገጥን። የቀረው የጋሼ አድራሻ ነበር።

ቁጭ ብዬ «ያላረጋገጠ ሰው ይሰረዛል» ብዬ መተርጎም ጀመርኩ። እጄ እምቢ አለኝ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር እኔ ጽፌ፣ እኔው በእሱ ላይ? ጥዬው መሄዴ አንሶ?

እኛ ዘንድ ቅሬ የሚባል አለ። የሰፈር ሰው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚቀባበርበት፣ የሚደጋገፍበት ማኅበር ነው። ቀብር ላይ ዳኛው ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ነገር ግን የቀረው ሰው አገር ውስጥ ከሌለ ጎረቤቱ ይነሳና «መንገድ ላይ ነው» ይላል። በቃ። ወረቀት አምጣ፣ መቼ ይመለሳል፣ የሚባል ነገር የለም። ሱዳን ሄዶ ዘጠኝ ዓመት የቆየ ሰው አውቃለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጎረቤቱ እየተነሳ መንገድ ላይ ነው ይል ነበር፤ ማንም ሰው ረጅም መንገድ ነው አላለም።

እኔም በአማርኛው ገጽ ላይ ከሠላሳው ቀን ሥር እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፦ «ኔትወርክ በጠፋበት አገር ያለ አባል አይሰረዝም፤ እስኪመለስ ድረስ ጎረቤቱ መንገድ ላይ ነው ብሎ ይመልስለታል።» እንግሊዝኛው ላይ እንዲህ የሚል ነገር የለም። ፕሮግራሙም እንዲህ አያደርግም። ኃላፊው ተመልክቶ አጸደቀው። አማርኛ አያነብም፤ አራት ነጥቡ በቦታው መኖሩን አይቶ ነው መሰለኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ ግን ደብዳቤ መጣ። ገጾቹን ሁሉ በትርጉም ማሽን አሳልፎ ሲያይ የአማርኛው ላይ «ጎረቤት» የሚል ቃል አገኘ። ጎረቤት ማለት በአማርኛ የሰርቨር ዓይነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጉድ ፈላ። ልክድ አሰብኩ፤ የትርጉም ማሽኑ ነው የተሳሳተው ልለው። ከዚያ ተናደድኩና ሁሉንም ዘርግፌ ጻፍኩለት። ስለ ቅሬ፣ ስለ ሚኒባሷ፣ ስለ ጋሼ። እንደ ልቅሶ ያለ ደብዳቤ ነበር፤ መጨረሻው ላይ «ከአክብሮት ጋር» ብዬ ዘጋሁት።

ሁለት ቀን ቆይቶ መለሰ። አዝናለሁ አለ። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ መመሪያውና ፕሮግራሙ ካልተስማሙ ከሁለቱ አንዱ ስሕተት ነው፤ የትኛው ነው ትያለሽ?

«ፕሮግራሙ» አልኩት።

«እንግዲያው ስሕተቱን በደንቡ መሠረት አመልክቺ።»

አመለከትኩ። ርእሱን «ፕሮግራሙ መንገደኛ ይሰርዛል» አልኩት። ከየአገሩ ሰው ገባበት። አንዱ፣ ጎረቤቱ እውነት መናገሩ በምን ይረጋገጣል አለ። በምንም አይረጋገጥም አልኩት። ጎረቤት አይዋሽም ወይ ሲለኝ፣ ይዋሻል፣ በዚህ ግን አይደለም ብዬ መለስኩ። ሌላዋ ለስንት ቀን ነው የሚጠበቀው ብላ ጠየቀች። ቅሬ ቀን አይቆጥርም አልኳት። ሳምንት ሙሉ ስንነታረክ ቆየን፤ አክስቴ ከማን ጋር ነው እንዲህ የምትቆጪው ብላ ልትገላግለኝ ሁለት ጊዜ መጣች። በመጨረሻ ኃላፊው ራሱ ተቀምጦ አንድ ትንሽ ነገር ጨመረ፤ የዝርዝሩ ጠባቂ አንድን አባል ማቆየት ይችላል፤ ማሽኑ ግን ጠባቂውን በየሳምንቱ ይጠይቀዋል።

ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ማሽኑ ይጠይቀኝ ጀመር። ይህ አባል አሁንም ርቆ ነው ያለው? አዎ፤ አይደለም። አምስት ሰኞ «አዎ» ብዬ ተጫንኩ። በሕይወት አለ ወይ አላለኝም፤ ቢለኝ ኖሮ ምን እንደምጫን እንጃ። ሦስተኛው ሰኞ ላይ ጣቴን አስቀምጬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ «አዎ» አልኩና ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

ከተማዋ ነጻ ወጣች ሲባል ስልኩ እስኪመለስ አልጠበቅሁም፤ መንገድ በተከፈተ በማግስቱ ተሳፈርኩ። ሐይቁ እንደ ነበረ ነው፤ ሰው ነው የጠቆረው። ትምህርት ቤቱ ጎራ ብዬ አየሁ። ኮምፒውተሮቹ ተወስደዋል፤ ማውሶቹን ግን አንድ ሳያጎድሉ ትተዋቸዋል። ምን እንደማደርግባቸው ባላውቅም ሰብስቤ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳቸውና ወደ ግቢው ሄድኩ።

በሩን የከፈተልኝ ጋሼ ነው። ቆሞ አለ። ጉንጩ ገብቷል፣ ሸሚዙ ሌላ ሰው የለበሰው ይመስላል፣ ግን ቆሞ አለ። አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። በረንዳው ላይ እንደተቀመጥን አፌ ተከፈተና ማቆሚያ አጣ። ስለ ሠላሳው ቀን፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ሰኞዎቹ፣ የእሱን ቦታ ለማስጠበቅ ከዓለም ጋር እንዴት እንደተጣላሁ አወራሁለት። እማማ ሁልጊዜ የሚቀመጡበት መደብ ባዶ ነበር። ስለ እሳቸው ላለመጠየቅ ብዬ እንደማወራ አውቅ ነበር፤ እሱም ያውቃል።

ሰምቶ ሲጨርስ «የትኛው አድራሻዬ ነው?» አለኝ።

ነገርኩት።

«እሱን እኮ የይለፍ ቃሉን ከረሳሁት ሁለት ዓመት ሆነው። ‹ቋ› ከተስተካከለች ወዲህ ከፍቼው አላውቅም።»

ልገድለው ምንም አልቀረኝም። ተሳደብኩ፤ እሱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን መደቡ አሁንም ባዶ ነበር።

«እማማስ?» አልኩ።

«ወደ አኼራ ሄደች» አለ። «የግፊት መድኃኒቷ አለቀ። አራት ሆነን ቀበርናት፤ ሌላ ሰው ከቤት መውጣት አልደፈረም።»

«አውፍ በለኝ ጋሼ፣ ይቅር በለኝ፤ ጥያችሁ ሄድኩ» አልኩት።

«ምን አድርገሽ ነው አውፍ የምልሽ? ሂጂ ያልኩሽ እኔ» አለ። «ያስቸገረችኝ እማማ ናት። ከሄድሽበት ቀን ጀምሮ ጠዋትም ማታም ‹ልጅቷ ደረሰች?› ነው። አላውቅም ስላት እህል አልቀምስም አለች።»

«ከዚያስ?»

«ምን አደርጋለሁ? ‹ደውላ ነበር፣ በደህና ገብታለች› አልኳት። ስልክ ከጠፋ ሦስት ሳምንት እንዳለፈው እሷም ታውቃለች። ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ አልሐምዱሊላህ ብላ በላች።»