በሰም የተደፈነው ምሰሶ

ይህ የደረሰብኝ ከተማው ገና እንጦጦ ጋራ ላይ ሳለ ነው። ዘመን ቢያልፈውም አልረሳሁትም፤ ያደረገብኝ ባዳ ቢሆን ኖሮ ይወጣልኝ ነበር።

አናጢ ነኝ፤ ቤቴ የካ ነው። ለአንድ ትልቅ ሰው አዳራሽ ስንሠራ አበልጄ ደስታ አብሮኝ ነበር። የልጄን የወለተ ማርያምን ክርስትና ያነሳቻት ሚስቱ ናት። ሙያውን ያስተማርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሰም፣ የጥድ ሙጫና የመጋዝ ብናኝ አቅልጦ ስንጥቅ መድፈንን ሳይቀር አሳይቼዋለሁ። “ይህ ለበርና ለሳጥን ነው፤ ሸክም የሚያርፍበትን እንጨት እንዳትደፍንበት” ብዬዋለሁ።

የመካከሉን ምሰሶ የጠረበው እሱ ነበር። ስናቆመው በእጄ ዳሰስኩት፤ ልስልስ ያለ ነው። አመንኩት።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጣሪያ የሚከድኑት ሰዎች ሣር ይዘው ላዩ እንደወጡ ምሰሶው ጮኸና ለሁለት ተሰነጠቀ። ከእነሱ አንዱ፣ አያ ገብሬ የሚባሉት ሽማግሌ፣ ከነሣሩ ወደቁ፤ እግራቸው ተሰበረ።

ሮጬ ምሰሶውን አየሁት። ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ከላይ እስከ ወገቡ በሰም ተሞልቷል፤ ላዩ እንዳይለይ በአፈር ታሽቷል።

“ማነው ይህን የሠራ?” አለ የሥራው ሹም።

ደስታ ራሱ ይናገራል ብዬ ወደ እሱ ዞርኩ።

“ጌታዬ፣ ይህን ቅመም የሚያውቀው እሱ ነው” አለ ወደ እኔ እየጠቆመ። “ወለተ ማርያም ትሙት፣ እኔ አልነካሁትም!”

በልጄ ማለ። ወዲያው የፊጥኝ አሰሩኝ።

ያዳኑኝ አያ ገብሬ ናቸው። እንደተጋደሙ እያቃሰቱ፣ “ፍቱት! ሰም ሲያቀልጥ ያየሁት ያኛውን ነው። ‘ለምንህ ነው?’ ስለው ‘ለሳጥን’ አለኝ” አሉ።

ደስታ አንገቱን ደፋ፤ እኔን ፈቱኝ። በኋላ ለምን እንዳደረገው ስጠይቀው፣ “ሌላ ግንድ ፍለጋ ጫካ መመለሱ ታከተኝ። አንተም እንዳትቆጣኝ ፈራሁ” አለኝ።

አያ ገብሬ ድነው እያነከሱ ሥራ ጀመሩ። ደስታ እግራቸው ላይ ሲወድቅ አንስተው ይቅር አሉት። ቤቴም መጣ፤ ሚስቴ አስገባችው። እኔ በጓሮ ወጣሁ።

እግራቸው የተሰበረው ሰው ይቅር ካሉ እኔ ምን ሆንኩ እያልኩ ራሴን እወቅሳለሁ። ግን አልቻልኩም። ልጄ አሁን አድጋለች፤ “አባዬ፣ የክርስትና እናቴን ባል ለምን ትሸሸዋለህ?” ትለኛለች። ምን ብዬ ልንገራት?