ለወረቀት ነው

ልጄ ኪችን ውስጥ ለኬክ ስኳር ስትመዝን፣ ስኳሩ የሚዛኑ ሳህን ላይ ሽርር ሲል ልቤ ድንግጥ አለ።

ልጅ ሆኜ፣ በርክ በሚባለው ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ አባዬ መጥሪያ ቢፐሩን ወገቡ ላይ እንደሰካ ቤዝመንት ይወርድና የተተኮሰ ቀለህ ውስጥ ባሩድ እየሞላ ጥይት ይሠራ ነበር። አንድ ቀን አዲስ የገዛውን የባሩድ መስፈሪያ ይፈትናል። እጀታውን ሲጫን ባሩዱ ሽርር ብሎ ይወርዳል፤ ይመዝነዋል፤ መልሶ ይደፋዋል። ልኩ አልመጣ ሲለው፣ «ኤሲውን አጥፊልኝ፣ ነፋሱ ሚዛኑን እያወዛወዘብኝ ነው» አለኝ።

አብራን የምትኖረው እህቱ ደረጃው ላይ ቆማ፣ «ይሄ ሁሉ ጥይት ለማን ነው፣ ጋሼ?» አለችው።

«ለማንም። ለወረቀት ነው» አላት፣ ቀና ሳይል።

ያኔ እኛ ቤት ወረቀት ከተባለ የአክስቴ ግሪን ካርድ ነው። በየቀኑ ፖስታ ሳጥኑን እየከፈትን የምንጠብቀው እሱን ነበር።

ቅዳሜ አባዬ ጥይቱን መኪና ላይ ጭኖ ሲወጣ፣ እስኪመለስ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ቀረሁ። ተመልሶ የተበሳሳ የኢላማ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ።

«አየሽ? ሁሉም አንድ ቦታ።»

«አባዬ» አልኩት እያለቀስኩ፣ «እንዲህ ተበስቶ አክስቴን ይቀበሏታል?»

«ማሚ፣ ዋት?» አለችኝ ልጄ፣ ስኳሩን መመዘኗን ትታ።

«ምንም» አልኳት። ኤሲውን ግን ሄጄ አጠፋሁት።