ሙቀጫ ያልነካው ኮሶ

ይህ የገጠመኝ በደርግ ጊዜ፣ ከድርቁ ማግስት፣ ላሊበላ ለማስተማር በተመደብኩበት ዓመት ነው። ዛሬም ደጄ ሲንኳኳ ትዝ ይለኛል።

የተከራየሁት እትዬ ብርቄ ግቢ ነበር። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ኮሽ ሲል የሚሰሙ ሴት ናቸው።

ሰው ፊት ከቀመስኩ ቁራሽ ነው። ቤቴ ስገባ ግን በሩን ቀርቅሬ ሆዴ እስኪወጠር እበላለሁ። ከዚያ አፍሬ ጓሮ ወጥቼ አስመልሰዋለሁ። ሰው በረሃብ ባለቀበት አገር ይህ ለማን ይነገራል? ጉሮሮዬ ቆሰለ፣ ጉንጬ አበጠ፣ እያስተማርኩ ዓይኔ ይጨልምብኝ ጀመር። እንዲህ የሚያደርገኝ ቡዳ ነው አልኩ። የጠረጠርኩትም እትዬ ብርቄን ነው። በበላሁ ቁጥር ኮቴያቸው ከደጄ አይጠፋም።

ሲያንኳኩ «ኮሶ ጠጥቻለሁ» እላለሁ። በአገራችን ኮሶ የጠጣ ሰው ዘንድ አይገባም። እሳቸውም ይመለሳሉ።

አንድ ቅዳሜ ከጓሮ ስመለስ ዓይኔ ጨልሞብኝ ደጃፌ ላይ ዘጭ አልኩ። ቀና ስል እትዬ ብርቄ ቆመዋል።

«ዛሬም ኮሶ ነው?»

«አዎ።»

«በምን ወቀጥሽው? የግቢው ሙቀጫ እንደሁ እኔ ጋ ነው። አንድ ቀን ሲወቀጥ አልሰማሁ።»

ደሜ ፈላ። «የሰው ዓይን ነው የሚያስመልሰኝ! እርስዎም ደጄን አይለቁም!» አልኳቸው። ለታላቅ ሰው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

አልተቆጡም። «ልጄ፣ እኔ ስትበይ አይቼሽ አላውቅም እኮ። ማንስ አይቶሽ ያውቃል?»

ቡዳ የሚበላው አይቶ ነው። እኔን ግን የሚያመኝ ማንም ሳያየኝ ስበላ ብቻ ነበር። የምጠረጥረው ሰው ሁሉ አለቀና እኔው ቀረሁ። በጣም ፈራሁ።

«ታዲያ ደጄ ላይ ምን ይሠራሉ?»

«ወድቀሽ እንደሁ ላዳምጥ ነዋ።»

እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰኞ ጤና ጣቢያ ይዘውኝ ሄዱ። እራቴም ከሳቸው ጋር ሆነ፤ ከበላሁ በኋላ ጥጥ እየፈተሉ ያጫውቱኛል። በአንድ ጊዜ አልለቀቀኝም። ቡሊሚያ የሚባል ሕመም መኖሩን ከሐኪም የሰማሁትም ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ጠርጣራነቴ ዛሬም አልተወኝም። ብቻዬን ስበላ በሩን መቀርቀር ካማረኝ ግን የምጠረጥረው ራሴን ነው። ያኔ ተነሥቼ በሩን እከፍተዋለሁ።