«ጉና ሙሉ ነው?»

አያታችን የድጓ መምህር ነበሩ። በጎልማሳነታቸው ቅዳሴ ላይ ቆመው ቀኝ ዓይናቸው ብልጭ ብልጭ ሲልባቸው የመልአክ ብርሃን መስሏቸው ዝም አሉ። ዓይኑ በዚያው ጠፋ። ሐኪሙ «ሬቲናው፣ የዓይንዎ የውስጥ ሽፋን፣ ተላቋል፤ ሕመሙ በዘር ይወርዳል» አላቸው።

ስለዚህ እሑድ እሑድ እኛን የልጅ ልጆቻቸውን ከጉና ተራራ ትይዩ ደጃፍ ላይ አቁመው፣ በጋቢያቸው ጫፍ አንድ ዓይናችንን እየሸፈኑ «ጉና ሙሉ ነው?» ይሉን ነበር።

«ሙሉ ነው፣ አባባ።»

«ብልጭ ካለባችሁ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። መልአክ ከሆነ በሁለቱም ዓይን ይታያል።»

አምና ብልጭ አለብኝ። ለነገ ሳልል ሄድኩ፤ ሽፋኑ ተቀዶ ኖሮ፣ ሳይላቀቅ በሌዘር ተያዘልኝ።

ካረፉ ወዲህ ዓይኔን በገዛ መዳፌ እየሸፈንኩ አያለሁ። ጉና ሙሉ ነው፣ አባባ። የጎደለው ደጃፉ ነው።