የዘንዶውን ጭራ የተሳለምኩ ዕለት

ያንን ዐቢይ ጾም ያሳለፍኩት ለግብርና ትምህርት በሄድኩበት በቬትናም ነው። እዚያ መጾም ፈተና ነው። ጎመን ነው ብዬ ካዘዝኩት ሳህን ሽሪምፕ ይወጣል፤ ባዶ ነው የተባለው ሾርባም የዓሣ ጭማቂ አለበት። እኔ ደግሞ የብስኩት መጠቅለያ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልኬ ሳላስተረጉም ብስኩቱን የማልቀምስ ሰው ነኝ። ሁለት ሳምንት ሩዝና ሙዝ ስበላ ያዩኝ አሮጊቷ አከራዬ አንድ ቀን የስልካቸውን አስተርጓሚ ጆሮዬ ላይ ደገኑት። «ነገ ወደ ቤተ መቅደሳችን ነይ፤ ምሳ አለ። ሥጋ የለም፤ ዓሣ የለም፤ እንቁላል የለም» አለኝ ስልኩ።

አከራዬ ካኦዳይ የሚባል ሃይማኖት ተከታይ ናቸው። በመንገዳችን ላይ በዚያው ስልክ አስረዱኝ። ፈጣሪ አንድ ነው፤ ቡድሃንም፣ ኮንፊሺየስንም፣ ክርስቶስንም የላከው እሱ ነው ይላሉ። ምልክቱ አንዲት የግራ ዓይን ናት። ምእመኑ በወር አሥር ቀን ከሥጋ ይከለከላል፤ ታላላቆቹ ካህናት ግን ዘወትር። ከሚያከብሯቸው ቅዱሳን መካከል አንድ የፈረንሳይ ደራሲም አለ።

«ምን ጻፈ?» አልኳቸው።

«ረጃጅም መጻሕፍት» አሉኝ።

ለቅድስና የሚያበቃው ስንት ገጽ እንደሆነ ለመጠየቅ አፈርኩ።

የምሄደው ለምሳው ብቻ ነው ብዬ ከራሴ ጋር ተስማምቼ ነበር። ነጠላዬን ግን ይዣለሁ። ደጁ ስንደርስ ሕዝቡ ሁሉ ነጭ ለብሷል፤ ጫማውን አውልቋል፤ ወንዱና ሴቱም ለየብቻው ይገባል። ይሄንንማ አውቀዋለሁ ብዬ ልቤ ደላው። አከራዬ ጫማቸውን እስኪያወልቁ እንኳ ሳልጠብቅ ነጠላዬን አጣፍቼ እንደ አገሬ ሴት በቀኝ በኩል ሰተት አልኩ።

እዚያ አገር ሴቶች የሚገቡት በግራ ነው። ራሴን ያገኘሁት በተንበረከኩ ሽማግሌዎች መሀል ነበር። አንደኛው በአገጫቸው ወደ ማዶ አመለከቱኝ። በድንጋጤ ወደ ኋላዬ ስል ጀርባዬን ምሰሶ ነካው። እናቴ ደግሞ ከሕፃንነቴ ጀምራ ቤተ መቅደስ ገብተሽ ሳትሳለሚ እንዳትወጪ እያለች ነው ያሳደገችኝ። ዞር አልኩና ምሰሶውን ተሳለምኩት፤ በግንባሬም በከንፈሬም። ቀና ስል ምሰሶው ላይ የተጠመጠመ ዘንዶ ከላይ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። የሳምኩት ጭራውን ነበር። ጊዮርጊስ በፈረሱ የሚያስረግጠውን ዘንዶ!

ምሳው ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንዴት ይጣፍጥ ነበር! ሁለቴ አስጨመርኩ። እስከ ፋሲካም በየሳምንቱ ተመላለስኩ፤ በግራ በኩል እየገባሁ።

ሐምሌ ላይ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ። የመጣሁት ለወንድሜ ሴት ልጅ የክርስትና እናት ልሆን ነው። ሰማንያ ቀኗ እሑድ ይሞላል። ዘንዶ በሳመ አፌ ለሕፃን ሃይማኖት ልመሰክር መሆኑን ሳስበው እንቅልፍ አጣሁ። ረቡዕ ዕለት የንስሐ አባቴን ቤት ድረስ አስጠራኋቸው። ጭቃቸውን ደጃፉ ላይ አራግፈው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እናቴ ውስጥ ሆና ምስር የምትለቅም ትመስላለች። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ዘንዶውን ሳምሽው?» አሉኝ።

«ጭራውን ነው፣ አባ።»

«ጭራውስ የዘንዶው አይደል እንዴ!» አለች እናቴ ከውስጥ።

«አንቺ ምስርሽን ልቀሚ! ተራሽ ሲደርስ ትናገሪያለሽ» አሏት። ወደ እኔ ዞሩ። «ከምን የተሠራ ነው?»

«ሲሚንቶ መሰለኝ።»

«ልብሽስ? ልብሽ ለማን ነበር የሰገደው?»

«ልቤ መውጫውን ነበር የሚፈልገው፣ አባ።»

በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር። ያለቀሱልኝ መስሎኝ እኔም አለቀስኩ። ጋቢውን ሲገልጡት ግን ፊታቸው በሳቅ ቀልቷል።

«የበላሽውስ ለጣዖት የቀረበ ነው?» አሉ እንደ ምንም ኮስተር ብለው።

«ኧረ አይደለም፣ ከማድ ቤት የወጣ እንጉዳይ ነው። ወጥ ሠሪዋን ጠይቄያታለሁ።»

«ስንቴ ጠየቅሻት?»

«ሦስቴ።»

«ምስኪን» አሉ፤ ለወጥ ሠሪዋ መሰለኝ። ከዚያ ድምፃቸው ለዘብ አለ። «ሰዎቹ በጾምሽ አብልተውሻል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሃይማኖቱን በሚመለከት ግን የእነሱ የእነሱ፣ የእኛ የእኛ ነው። አንቺም አልጠፋሽም። ልጅቱን ታነሻታለሽ። ከዛሬ እስከ ዓርብ በቀን አርባ አርባ ስገጂ።»

እጃቸውን ስሜ ወዲያው ጀመርኩ። ሠላሳ ላይ ስደርስ ቁጥሩ አጠራጠረኝና ለጥንቃቄ ከአንድ ተነሣሁ። ሐሙስም እንዲሁ ሆነ፤ ዓርብማ ሦስት ጊዜ ነው ከአንድ የጀመርኩት። ቅዳሜ ከአልጋ ያወረደችኝ እናቴ ናት።

እሑድ ሕፃኗን ከጥምቀቱ ውኃ ተቀበልኳት። እሷ ትጮኻለች፣ እኔ ከጭኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ እንቀጠቀጣለሁ። ለክርስትናው ከቡሬ የመጡት አክስቴ እንባቸውን እየጠረጉ አጠገባቸው ላሉት ሴቶች፣ «እዩልኝ! እንዲህ ነው ፈሪሃ እግዚአብሔር ማለት! ባዕድ አገር ኖራ እንኳ ትንቀጠቀጣለች!» ሲሉ ሰማኋቸው።

ላርማቸው ፈልጌ ነበር። ግን ልጅቱ እንዳትወድቅብኝ ጥርሴን ነክሻለሁ።