የኮርኒሱ ገለባ

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቁሐር ሚካኤል ማኅሌት የቆሙ መሪጌታ ነበሩ። ነሐሴ ላይ የጎርፉ ውኃ ግቢያቸውን ሲከበው፣ ደረታቸው እያፏጨ ወረታ እኔ ቤት መጡ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሰጥቶ አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠነቀቀን፤ አቧራ እንዳይነካቸው። እሳቸው ደግሞ የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለኅዳር ሚካኤል ቆመው ማኅሌት እንዲመሩ።

እንግዲህ አቧራ አይንካቸው ይበሉና ወረታ ይኑሩ! ቤቴ ከሩዝ መፈልፈያ ጋር አጥር ለአጥር ነው። ሞተሩ ሲነሣ ገመዴ ላይ ነጭ የሚባል ልብስ ነጭ ሆኖ አይውልም። ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሠራው ወንድሜ፣ ሆቴሉ ሲታደስ የተነሣ አሮጌ ኤሲ ይዞ መጣና ከኮርኒሱ በላይ አየር የሚስብና የሚነፋ የቆርቆሮ ቱቦ ዘረጋ። ለሙቀቱ ብቻ አልነበረም፤ መስኮቱን ጥርቅም አድርገን ዘግተን እንድንኖር ነው። አባቴ ቀና ብለው አዩትና፣ “ይኸ ደግሞ ጣራ ላይ ሁኖ የሚያንኮራፋ ምንድን ነው?” አሉ።

የኤሲውን ማጣሪያ በየሳምንቱ አውጥቼ አጥባለሁ። አየር የሚወጣበትን ፍርግርግ በእርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ። ጠዋት ግን ነጠላቸው ላይ ያው ብናኝ፣ ትራሳቸው ላይ ያው ብናኝ። “አፈር መሆኔንማ አውቃለሁ ልጄ፤ ሳልሞት ባታቀምሱኝ ምን ነበረ” ይሉኝና፣ ሊስቁ ሲሉ ሳሉ ያፍናቸዋል። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ንዴቴን ይዤ የመፈልፈያው ባለቤት ዘንድ ሄድኩ።

“አባቴን በቁማቸው እየቀበርካቸው ነው!” አልኩት፣ ሠራተኞቹ ሁሉ እየሰሙ። ሰውየው በማግስቱ በእኛ አጥር በኩል ትልቅ ሸራ ጋረደ። አላመሰገንኩትም፤ ብናኙ አልቀነሰማ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከአልጋው ተነሡ፤ በሩ ጋ ሳይደርሱ ትንፋሻቸው አጠረና መልሰን አስተኛናቸው። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ለበዓሉ መፈልፈያው ተዘግቷል፣ መንገዱም ጭር ብሏል። አጠገባቸው ተቀምጬ ስመለከት ግን ከፍርግርጉ ቀጭን ብናኝ ነጠላቸው ላይ ይወርዳል። ሞተር በሌለበት ቀን ይኸ ከየት መጣ?

አባቴን ጎረቤት ቤት አስተኝተን ወንድሜ መሰላል አቆመና ኮርኒሱን ከፈተ። ያኔ ትዝ አለኝ። ቤቱ ሲሠራ የቆርቆሮው ሙቀት እንዳይወርድብን፣ ጎረቤቶቻችን እንዳደረጉት፣ ከኮርኒሱ በላይ የሩዝ ገለባ ደልድለን ነበር። እኛ አገር ገለባ አይጣልም፤ ከጭቃ ተቦክቶ ይመረጋል፣ ይነደዳል፣ ይደለደላል። አየር የሚስበው ቱቦ የተጋጠመበትን ፕላስተር አይጥ በልታዋለች። ማሽኑ በዚያ ክፍተት የገለባችንን ብናኝ ይስብና፣ ክፍተቱ ከማጣሪያው ወዲያ ስለሆነ እኔ የማጥበው ማጣሪያ ሳያገኘው፣ አባቴ ፊት ላይ ይነፋዋል። እኛ ደግሞ ሳሉ በባሰ ቁጥር ይሻላቸዋል ብለን ስናበራው ከረምን።

ገለባውን በጆንያ አወረድን፣ ቱቦውን ጠርገን መጋጠሚያውን ደፈንን። ነጠላቸው ነጭ ሆኖ መዋል ጀመረ። ደረታቸው ግን አልተመለሰም። ለገና ሳይደርሱ አረፉ።

የመፈልፈያው ባለቤት ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ጥግ ይዞ ብዙ ተቀመጠ። ሲነሣ ጠጋ አለኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

“ያን ሸራ ቀደም ብዬ ብጋርደው ኑሮ በተረፉ” አለኝ።

“ብናኙ ያንተ አልነበረም” አልኩት። “የገዛ ኮርኒሳችን ነው። እኛው የደለደልነው ገለባ ነው።”

እጄን ጨብጦ፣ “እግዜር ይስጥሽ፤ በዚህ ኀዘንሽ ላይ ለኔ ታስቢያለሽ” አለኝ።

በሚካኤል ማልኩለት። ላጽናናው ያልኩት መሰለው እንጂ አላመነኝም።