አስራ አራት ድል፣ አንድ መሳቢያ ክኒን

ሳሉ የጀመረኝ የጨፋ ሮቢትን እግር ኳስ ቡድን ሦስት ለአንድ በረታንበት ቀን ነው። የዓመቱ ውድድር መክፈቻ ነበር። ከሚሴ ውስጥ እንደ እኔ የሚጮህ ደጋፊ የለም፤ ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። በማግስቱ ጉሮሮዬ ሲከረክረኝ ታዲያ ማንን ልጠርጥር? ጩኸቴን ነዋ! የምንጫወተው በየሁለት ሳምንቱ ነው። ሁለተኛውን አሸነፍን፣ ሳሉ ባሰብኝ። ሦስተኛውን አሸነፍን፣ ላቤ አንሶላውን ያርሰው ጀመር። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው፤ የገዛ ሱሪዬን ወገብ ሁለት ጊዜ አጠበብኩት። ደንበኛዬ ቢሆን ኖሮ "ምን ነካህ?" ብዬ እጠይቀው ነበር። ራሴን ግን አልጠየቅኩም።

ከዚያ ደም ተፋሁ። ትንሽ ነበር። መሐረቤ ላይ አየሁት።

መጀመሪያ የነገርኩት ለኡመር ነው፤ የልጅነት ጓደኛዬና የደጋፊዎቹ ከበሮ መቺ። "አብሽር ሰይዴ!" አለኝ። "ለቡድኑ የመጣው ዓይን ነው ባንተ የወጣው። አንተ ባትቀበልልን ወላሂ ይኼኔ ተሸንፈን ነበር።" እኛ ዘንድ አንድ በሬ ሳይታሰብ ቢሞት ለባለቤቱ የመጣው መከራ በበሬው ወጣ ተብሎ አልሐምዱሊላህ ይባላል። እኔም የቡድኑ በሬ ሆንኩ ማለት ነው። ብታምኑም ባታምኑም ደስ አለኝ።

ባለቤቴ ዘይነባ ግን በሬ አላገባችም። እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። አክታዬ ተመረመረ።

"የሳንባ ቲቢ ነው" አለ ሐኪሙ፤ ኦሮምኛ ቀላቅሎ። "ሂንሶዳቲን፣ አትፍራ፣ ይድናል። ስድስት ወር ግን አንድም ቀን ሳታጓድል ክኒን ትውጣለህ።"

የአራት ዓመት ልጃችን ሐያትም ተመረመረች። ውጤቷን ጠበቅን። ነፃ ናት ተባለ። አለቀስኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ በነርሷ ፊት ዋጥኩ። ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ሽንቴን ብርቱካን ሲያስመስለው፣ የቡድናችን ማሊያም ብርቱካናማ ነውና "ይኸው ውስጤም ደጋፊ ሆነ" እያልኩ ነርሷን አስቃት ነበር። ሐኪሙ ከእንግዲህ ወደ ሰው አታስተላልፍም ብሎ ሲፈቅድልኝ ወደ ሜዳ ተመለስኩ። ቡድኑ አንድም ነጥብ አልጣለም! አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት! ገበያ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ያቅፉኝ ነበር፤ ምግቡ ይጣፍጠኝ ጀመር፣ ያጠበብኩትን ሱሪም መልሼ ፈታሁት።

በዘጠነኛው ጨዋታ እስከ እረፍት አንድ ለባዶ ተመራን። ኡመር ከበሮውን አስቀምጦ ፊቴን አየና፣ "ሰይዴ፣ ጉንጭህ ሞላ እኮ! አንተ ስትድን ዓይኑ ወደ ልጆቹ ተመለሰ!" አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በመጨረሻው ደቂቃ ሁለት ለአንድ አሸነፍን። ቀልዱ ግን ቤት ድረስ ተከተለኝ።

በዚያን ጊዜ ክኒኑን ከዘይነባ እጅ እየተቀበልኩ ቤት ነበር የምውጠው። በማግስቱ ዞር ስትል የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከሸሚዝ ቁልፎች ጋር ጣልኩት። ለራሴ ጥሩ ምክንያት ነበረኝ፦ ድኛለሁ፣ ውድድሩም ሊያልቅ ነው፣ ለቡድኑ ብዬ ጥቂት ብታገሥ ምን እሆናለሁ? አስረኛውን አራት ለባዶ ስናሸንፍማ ጨርሶ አመንኩ።

ሳሉ ተመለሰ። ትኩሳቱም። ዘይነባ ቁልፍ ፈልጋ መሳቢያውን ከፈተች። የአስራ ስድስት ቀን ክኒን። አልጮኸችም።

"ቡድንህ እንዲያሸንፍ የግድ ሰው መታመም ካለበት፣ ይሸነፍ" አለችኝ። "ሐያት አጠገብህ ነው የምትተኛው።"

አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ሐኪሙም አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ጀርሙ መድኃኒቱን ከለመደው ይህ ክኒን አይሠራም። ረጅምና ከባድ ሕክምና ይጠብቅሃል" አለ። አክታዬ ጂን ኤክስፐርት በሚሉት መሣሪያ ተመረመረ። ሁለት ቀን ጠበቅኩ። አልሰፋሁም። ከሐያት ርቄ ተኛሁ።

"አልለመደም" አለኝ በሦስተኛው ቀን። "እንዳትደግመው።" የሐያትም ምርመራ ደህና ሆነ።

ለኡመር ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። "ያ ረቢ! እኔ እኮ ስቀልድ ነው!" ከዚያ በኋላ ጨዋታ ባለ ቀን ክኒኔን የምውጠው ሜዳ ላይ፣ በደጋፊው ሁሉ ፊት ሆነ፤ እሱ ከበሮ ይመታል፣ እኔ እውጣለሁ። አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት፣ አስራ ሦስት! የመጨረሻው ከሰንበቴ ከተማ ቡድን ጋር ነበር። እስከ ሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ ባዶ ለባዶ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ክኒኑን መዋጤ ለአፍታ ጸጸተኝ። ያን ጊዜ ከማዕዘን የተሻማችውን ኳስ ተከላካያችን በግንባሩ ገጨና መረቡ ተንቀጠቀጠ! አስራ አራት ከአስራ አራት! ኡመር ከበሮውን ጥሎ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ፤ ያለቀስነው ስለ ኳሱ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ በተከተለው ጥሎ ማለፍ ገና በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸነፍን። እኔ ግን ሕክምናዬን ጨርሼ "ድነሃል" ተባልኩ። ለሐኪሙ፣ ለነርሷና ለዘይነባ አላህ ይመንዳልኝ። ሳላችሁ ሁለት ሳምንት ካለፈ ተመርመሩ። ክኒን ከጀመራችሁ፣ ደህና ነኝ ብላችሁ አታቁሙ፤ እኔ ደህና ነኝ ባልኩበት ሰዓት ነው ልጄን ለአደጋ የዳረግኳት።

ዘንድሮ ውድድሩ ሲከፈት ኡመር ከበሮውን አንግቦ ሊወስደኝ መጣ። እየሳለ ነበር። "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት። "ከወር በፊት፤ ጉንፋን ነው።" ከበሮውን ከትከሻው አወረድኩና ወደ ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። ተራ ስንጠብቅ ከሜዳው በኩል ታላቅ ጩኸት ተሰማ። ማን እንዳገባ አላወቅንም። ኡመር ብድግ አለ። እጁን ያዝኩት፤ መልሶ ተቀመጠ።